«አይቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ»፦ የኺያሩል ዐይብ ምዕራፍ በአሮጌ ቤት ሽያጭ ሲመዘን

መግቢያ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በአገራችን የቤት ሽያጭ ውሎች ላይ ገዢው «ቤቱን አይቼ፣ ወድጄ፣ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» በሚል ዓይነት ቃል መፈረሙ የተለመደ ሆኗል። ቃሉ አጭር ቢሆንም የሚያስከትለው ብዙ ነው። በበጋ የተገዛ አሮጌ ቤት ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስሳል፤ አዲስ ልስን የለበሰው ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ ቋሚው በምስጥ ተበልቶ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም የወለሉ ሊሾ ቀድሞ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወደነበረ ስፍራ ይሰምጣል። ገዢው ቅሬታውን ይዞ ሲመጣ ሻጩ ያንኑ የተፈረመበትን ቃል ያሳየዋል። ጉዳዩ ለመስጊድ ሽምግልና ሲቀርብም አንዳንድ ሸምጋዮች ሙስሊሞች በተስማሙበት ሸርጥ የሚገዙ መሆናቸውን ጠቅሰው ገዢውን ሰብር እንዲያደርግ መክረው ያሰናብቱታል።

እንዲህ ያለው ብያኔ የሚነካው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ በዕድሜው ቤት የሚገዛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገንዘቡም የዓመታት ዕቁብ፣ የተሸጠ የእናት ጌጥ፣ አለዚያም በዐረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልጅ ላብ ነው። ስለዚህ የሸምጋዩ ቃል ፍትሕ ከሆነ ይህን ሁሉ ይጠብቃል፤ ስሕተት ከሆነ ደግሞ ግፉ በዲን ስም ይጸናል።

በዚህ ጽሑፍ በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) በሚንሃጁ-ጧሊቢን ስለ ኺያሩል ዐይብ፣ ማለትም በእንከን ምክንያት ሽያጭን ስለመመለስ መብት፣ ያሰፈሩትን ምዕራፍ በአሮጌ ቤት ሽያጭ እንመዝናለን። ይህን ኪታብ የመረጥነው በሐረርም ሆነ በወሎ የዒልም ማዕከላት የሻፊዒይ ፊቅህ ደረሳ የሚደርስበት ዋነኛ መትን ስለሆነ ነው። ሂሳችን በሦስት አቅጣጫ ይሄዳል፤ በውሉ ቃል ላይ፣ በእኛ አስተማማር ላይ፣ እንዲሁም ምዕራፉ ለቤት ጠበብ በሚልባቸው ጥቂት ነጥቦች ላይ። መቋጫችንም አንድ ነው፦ ሸሪዐው የመግለጽን ሸክም የጫነው በሻጩ ላይ ሲሆን የእኛ የውል ልማድ ግን ይህን ሸክም ገልብጦ በገዢው ትከሻ ላይ አኑሮታል።

ምዕራፉ የቆመበት መሠረት

ምዕራፉ የተገነባው በታወቁ ሐዲሶች ላይ ነው። ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ በእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ያላደረገበትን ምክንያት ጠየቁት፤ አታላይም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ቡኻሪና ሙስሊም ከሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ባሰፈሩት ሐዲስ ደግሞ ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ከገለጹ ሽያጫቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚሰረዝ ተነግሯል። ኢብኑ ማጀህ ከዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) በዘገቡት መሠረትም ሙስሊም እንከን ያለበትን ዕቃ ለወንድሙ ሳይገልጽ መሸጥ አይፈቀድለትም።

ከእህሉ ክምር ሐዲስ አንድ ነገር ልብ እንላለን። ዝናቡን ያመጣው ባለቤቱ አይደለም፤ ስለ እርጥበቱም የተናገረው ውሸት የለም፤ ሲጠየቅ ወዲያው እውነቱን ነግሯል። የተወቀሰው እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ አድርጎ ስለተወ ነው። እንግዲህ በሸሪዐው ዘንድ ማታለል ማለት በአንደበት መዋሸት ብቻ አይደለም፤ የዕቃው መልክ ስለ ዕቃው የተሳሳተ ምስክርነት እንዲሰጥ መተውም ማታለል ነው። «ጠይቆኝ ቢሆን እነግረው ነበር» የሚለው የሻጮች ምላሽ እዚህ ላይ ይወድቃል።

በዚህ መሠረት ላይ ዑለማው ሁለት ነገሮችን ለይተው አስቀምጠዋል። ኃጢአቱ የሚከተለው በዕውቀት ነው፤ እንከኑን የማያውቅ ሻጭ ወንጀለኛ አይደለም። የገዢው የመመለስ መብት ግን በሻጩ ዕውቀት ላይ አይንጠለጠልም። እንከኑ ከርክክቡ በፊት የነበረ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ሻጩ ቢያውቅም ባያውቅም ገዢው ምርጫ አለው። ብዙ ሽምግልና የሚጣመመው እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ሻጩ «ወላሂ አላወቅሁም» ብሎ ሲምል ኃጢአቱ ይነሣለት እንደሆነ እንጂ የገዢው መብት በመሐላው አይጠፋም።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሸርጥ

አሁን ወደ ውሉ ቃል እንምጣ። ገዢው ባየውና በሚታይ እንከን ላይ ምርጫ የለውም፤ በዚህ የሚከራከር የለም። በሩ የተሰበረ፣ መስኮቱ መስታወት የሌለው፣ ቆርቆሮው በግልጽ የዛገ ቤት የገዛ ሰው ያየውን ወዷል። ክርክሩ ያለው ቃሉ ያልታየውንም ይሸፍናል በሚባልበት ጊዜ ነው። በዚህ ትርጉሙ ሐረጉ ፉቀሃዎች የበራአ ሸርጥ፣ ማለትም ሻጩ ራሱን ከእንከን ሁሉ ነጻ የሚያደርግበት ሸርጥ፣ ብለው ከተወያዩበት ጉዳይ የተለየ አይደለም።

የሚንሃጅ ብያኔ ግልጽ ነው። በበራአ ሸርጥ የሸጠ ሰው ይበልጥ ሚዛን በሚደፋው አስተያየት ነጻ የሚሆነው በእንስሳ ውስጥ ካለ፣ ከውስጥ ከተሰወረና ራሱም ከማያውቀው እንከን ብቻ ነው፤ ከዚህ ውጭ ካለው ሁሉ አይነጻም። የልዩነቱን ምክንያት ሻርሖቹ ሲያብራሩ እንስሳ በጤናውም በሕመሙም እየበላ ስለሚኖርና ተፈጥሮው ስለሚለዋወጥ ከስውር እንከን የሚጸዳው ጥቂት እንደሆነ፣ ሻጩም ማወቅ በማይችለው ነገር ላይ መተማመኛ እንደሚሻ ይገልጻሉ። ቤት እንስሳ አይደለም። ስለዚህ በዚህ መዝሀብ መሠረት ቤትን «ባለበት ሁኔታ» የሸጠ ሰው ካልታየ እንከን፣ የሚያውቀውም ሆነ የማያውቀው፣ በሸርጡ ነጻ አይወጣም። ሽያጩ ይጸናል፤ ሸርጡ ግን ለሻጩ የሚፈልገውን ጋሻ አይሆነውም።

ከዚህም በላይ ሻጩ እንከኑን በስም ቢጠራ እንኳ እንከኑ በዓይን የሚታይ ዓይነት ከሆነ ቦታውን ማሳየት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም የአንድ ጉድለት ክብደት እንደ ስፍራውና እንደ መጠኑ ይለያያል። «ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አለ» ብሎ መናገርና ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የዘለቀውን ስንጥቅ ቁም ሣጥኑን አንሥቶ ማሳየት እኩል አይደሉም።

ለዚህ ብያኔ ምንጭ ከሆኑት አንዱ ማሊክ በሙወጧእ ያሰፈሩት የዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ኢብኑ ዑመር አንድ አገልጋይ በ800 ዲርሃም በበራአ ሸርጥ ሸጡ። ገዢው ያልተነገረው ሕመም እንዳለበት ከሰሰ። ጉዳዩ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ዘንድ ሲቀርብ ኢብኑ ዑመር ሲሸጡት የሚያውቁት ሕመም እንዳልነበረበት እንዲምሉ ፈረዱባቸው። ኢብኑ ዑመር መማልን ትተው አገልጋዩን መልሰው ወሰዱ፤ በኋላም ድኖ በ1,500 ዲርሃም ሸጡት። ኸሊፋው ሸርጡ በመኖሩ ብቻ ፋይሉን አልዘጉም፤ የሻጩን ዕውቀት ጠየቁ። ዛሬ በሽምግልና ላይ የሚቀረው ይኸው ጥያቄ ነው።

የሐነፊይ መምህር እዚህ ላይ ሊያቆመን ይችላል። በእርግጥ በሐነፊይ መዝሀብ እንከኖቹ አንድ በአንድ ባይጠሩም ከእንከን ሁሉ የመንጻት ሸርጥ ይጸናል፤ በሐነፊይ አካባቢ የሚሸመግል ሰው ይህን ቢከተል መሠረት አለው። ነገር ግን ሸርጡ በፍርድ ረገድ የገዢውን የመመለስ መብት ማስቀረቱ አንድ ነገር ነው፤ ሻጩ በአላህ ፊት መደበቅ ተፈቅዶለታል ማለት ሌላ ነገር ነው። የሐነፊይ ኪታቦች ራሳቸው የዕቃንም ሆነ የዋጋን እንከን መደበቅ የማይፈቀድ ማታለል መሆኑን በግልጽ ያስተምራሉ። ኢብኑ ተይሚያም በዚህ መስአላ ላይ የመረጡት ሻጩ እያወቀ ከደበቀ ሸርጡ እንደማይጠቅመው ነው። ስለ ሸርጥ የሚጠቀሰው ሐዲስም በቲርሚዚ ዘገባ የተከለከለን ከሚፈቅድ ወይም የተፈቀደን ከሚከለክል ሸርጥ በስተቀር በሚል ገደብ የታሰረ ነው። ግማሹን ሐዲስ ይዞ መሸምገል አይገባም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ ሽያጭ በደነገገው ክፍል ሻጩን ለጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ዋስትናውን የሚያስቀር ስምምነት ቢኖርም ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ ስምምነቱ ዋጋ እንዳይኖረው ያደርጋል። ስለዚህ «ሕጉ እንዲህ ነው» በሚል ሐረጉን የሚከላከል ሰው በሕጉም ቢሆን እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ መጠጊያ የለውም።

አሮጌነት ራሱ እንከን ነውን?

የምዕራፉ ትልቁ ጥንካሬ ለእንከን የሰጠው መለኪያ ነው። እንከን ማለት የዕቃውን አካል አጉድሎ ትክክለኛ ዓላማን የሚያሳጣ ወይም ዋጋውን የሚቀንስ፣ በዚያ ዓይነት ዕቃ ውስጥም አለመኖሩ ያመዘነ ነገር ነው። የአሮጌ ቤት ጉዳይ የሚወሰነው በዚህ በመጨረሻው ሐረግ ነው።

ሻጩ «ቤቱ የሃምሳ ዓመት የጭቃ ቤት ነው፤ ምን ጠብቀህ ነበር?» ሲል ከፊል እውነት ይዟል። በዚያ ዕድሜ ባለ የጭቃ ቤት የልስን መሰንጠር፣ የወለል መጎርበጥ፣ የበር መጣመም ያመዘነ ነገር ስለሆነ እንከን አይባልም። ገዢው ዋጋውን ሲደራደር ይህን አስቦታል። ነገር ግን «አሮጌ» የሚለው ቃል ሁሉን የሚያጥብ ውሃ አይደለም። ቆሞ ሰው እየኖረበት ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ጣሪያ ተሸካሚው ቋሚ በምስጥ ተቦርቡሮ ባዶ መሆኑ የሚጠበቅ አይደለም። ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ሲኮማተር መሠረትን እንደሚያናጋ ግንበኛ ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም በዚህ ምክንያት መሠረቱ ተከፍሎ በየዓመቱ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ያለበት ቤት፣ በዚያው ሰፈር ካሉት እኩያ ቤቶች የተለየ ከሆነ፣ እንከን ያለበት ነው። መለኪያው ቤቱ ከአዲስ ቤት ጋር ሲነጻጸር ሳይሆን ከእድሜ እኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ይህንንም የሚወስነው የሸምጋዩ ግምት ሳይሆን የግንበኛና የአናጺ ምስክርነት ነው።

ሁለተኛው የሻጮች መከራከሪያ «የተገዛው ቦታው ነው፤ ቤቱማ ቢፈርስስ?» የሚል ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ ዋጋው ግን በከተሞቻችን ከግድግዳው ይልቅ በአካባቢው እንደሚወሰን ሁሉም ያውቃል። የምዕራፉ መለኪያ ይህንንም ይፈታል። ገዢው አፍርሶ ሊሠራ መግዛቱን ሁለቱም ካወቁ የተሰነጠቀ ግድግዳ ያሳጣው ዓላማ የለም፤ በአንጻሩ ከወለሉ ሥር የተደፈነ ጉድጓድ ወይም በስፍራው መገንባትን የሚከለክል ፕላን መኖሩ ትልቅ እንከን ነው። ልጆቹን ይዞ ሊኖርበት ከገዛ ደግሞ ግድግዳው ራሱ ዓላማው ነው። እንግዲህ የገዢው ዓላማ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

በአስተማማራችን ላይ ያለን ሂስ እዚህ ይገባል። ይህን ምዕራፍ ስናስቀራ ምሳሌዎቻችን ከሚንከስ እንስሳና ከሚኮበልል ባሪያ አያልፉም፤ ደረሳውም እንከን ማለት የአካል ሕመም ብቻ ይመስለዋል። የሚንሃጅ ሻርሖች፣ ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚና አል-ኸጢብ አሽ-ሺርቢኒ፣ ስለ ቤትና ስለ መሬት እንከን ያነሡትን ግን እናልፈዋለን። ቤቱ ወታደሮች በግድ የሚያርፉበት መሆኑ፣ ጨርቅ እየወቀጡ የሚያጥቡ ሰዎች ጎረቤት ሆነው በድምፃቸው ማወካቸው ወይም ግድግዳውን ማናጋታቸው፣ ንብረቱ ወቅፍ ነው የሚል ወሬ ወይም ሰነድ መኖሩ በእነርሱ ዘንድ እንከን ነው። እነዚህን ወደ ዘመናችን ማምጣት አስቸጋሪ አይደለም። ቤቱ በመልሶ ማልማት ሊነሣ መታሰቡን፣ በካርታው ላይ እግድ መኖሩን፣ ያልተስማማ ወራሽ መኖሩን፣ ሌሊት ሙሉ የሚጮኽ የብረታ ብረት ወይም የወፍጮ ቤት በግድግዳ መዋሰኑን እያወቀ ዝም ያለ ሻጭ በምዕራፉ ውስጥ ስሙ አለ።

ልስን፣ ቀለምና የታሰረ ጡት

ከዝምታ የከፋው እንከንን በሥራ መሸፈን ነው። የዚህ መሠረቱ ስለ ሙሰራት የተነገረው፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው፤ ሻጩ ጡቷን ለቀናት ሳያልብ ትቶ ወተታም ያስመሰላት በግ ወይም ግመል። ገዢው ካለባት በኋላ እውነቱን ሲያውቅ መያዝ ወይም ከአንድ ቁና ተምር ጋር መመለስ ተፈቅዶለታል። የሐዲሱ ብልሃት ዕቃው ለሽያጩ ሰሞን ብቻ የማይዘልቅ መልክ እንዲይዝ መደረጉ ራሱን የቻለ የመመለሻ ምክንያት መሆኑ ነው።

ለሽያጭ የተዘጋጀ አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ስንጥቁ በስሚንቶ ተሞልቶ ቀለም ይቀባል፤ የውሃ ነጠብጣብ የሳለበት ኮርኒስ በአዲስ ይለወጣል፣ ቆርቆሮው ግን እንደተበሳ ይቀራል፤ ሽያጩም ሰማዩ በደረቀበት ወር ይከናወናል። ቤትን ማሳመር ግን ሁልጊዜ ማታለል አይደለም። በሐረር ጀጎል ውስጥ የድንጋይ ቤትን ግድግዳ በኖራ ማደስ ነባር የውበትና የጥበቃ ልማድ ነው። ልዩነቱ በሥራው ዓላማና ውጤት ላይ ነው፤ ጥገናው እንከኑን ካስወገደ እድሳት ነው፤ እንከኑን እንዳለ ትቶ ከዓይን ብቻ ካራቀው የታሰረ ጡት ነው። በቅርብ ጊዜ የተሠራ ጥገና ካለ ሻጩ ለምን እንደተሠራ መናገር አለበት የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

ምዕራፉ ለቤት የሚጠብበት

እስካሁን ምዕራፉን አወድሰናል። ነገር ግን እንስሳን እያሰቡ የተጻፉ ብያኔዎች ለቤት ሲውሉ ሁለት ቦታ ላይ ትርጉም ይሻሉ።

የመጀመሪያው የፈጣንነት ሸርጥ ነው። ገዢው እንከኑን እንዳወቀ ሳይዘገይ መመለስና ዕቃውን መጠቀም ማቆም አለበት፤ እንስሳውን ከጋለበ ወይም ኮርቻውን እንኳ ካቆየ መብቱ ሊወድቅ ይችላል። ስለ ጊዜው ብያኔው ሰፊ ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ከግዢው ሳይሆን ከማወቅ ነው፤ በኅዳር የተገዛ ቤት በሐምሌ ሲያፈስ ገዢው አልዘገየም። ሌሊት ያወቀ እስኪነጋ፣ በሰላት ላይ ያለ እስኪጨርስ ይጠበቅለታል። የሚከብደው መጠቀም ማቆም ነው። ኮርቻ በደቂቃ ይወርዳል፤ አምስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ያለ የሌለ ገንዘቡን በቤቱ ላይ አውሎ በክረምት መሀል ወዴት ይውጣ? መፍትሔው በምዕራፉ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ሚንሃጅ ለመንዳትም ለመሳብም የሚያስቸግርን አስቸጋሪ እንስሳ እየጋለቡ ወደ ሻጩ መመለስን በዑዝር ያልፈዋል። መጠለያ የሌለው ቤተሰብም ቅሬታውን ለሻጩና ለምስክሮች ካሳወቀ በኋላ በቤቱ መቆየቱ በእንከኑ ስለወደደ ሳይሆን በዚሁ ዑዝር እንደሆነ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በሻፊዒዮችና በሐነፊዮች ዘንድ መመለስ እስከተቻለ ድረስ ገዢው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ቤቱን መልሶ ገንዘቡን መውሰድ ወይም ያለ ካሳ ይዞ መቆየት። አርሽ፣ ማለትም የእንከኑ ልክ የዋጋ ቅናሽ፣ የሚመጣው መመለስ ሲሰናከል፣ ለምሳሌ በገዢው እጅ ሌላ ጉዳት ሲደርስ ነው። ይህ ለበግ የሚመች ሚዛን ነው። ለቤት ግን ሻጩ ገንዘቡን ሌላ ቦታ አውሎታል፤ ገዢው ልጆቹን በአካባቢው ትምህርት ቤት አስገብቷል፤ አንዱን የበሰበሰ ቋሚ ለመለወጥ በሚበቃ ጉዳይ መላውን ሽያጭ ማፍረስ ሁለቱንም ይጎዳል።

የማሊኪይ መዝሀብ ቤትን ከሌላው ዕቃ ለይቶ የተመለከተው ለዚህ ነው። በእነርሱ ዘንድ የቤት እንከን ሦስት ደረጃ አለው። እጅግ ትንሹ ምንም አያስከትልም። መካከለኛው፣ ለምሳሌ ቤቱን ለመፍረስ የማያሰጋ የግድግዳ ስንጥቅ፣ ሽያጩን ሳያፈርስ የዋጋ ቅናሽ ያስገኛል። ትልቁ፣ ለምሳሌ ቤቱን የሚያሰጋ ስንጥቅ ወይም በጣፋጭ ውሃ አካባቢ የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ መሆን፣ የመመለስ መብት ይሰጣል። የሐንበሊይ መዝሀብም ገዢው ቤቱን ይዞ አርሽ እንዲጠይቅ ከመጀመሪያው ይፈቅድለታል። ለቤት ሽምግልና የማሊኪዮቹ ደረጃ ለሁለቱም ወገን ይበልጥ የሚራራ ሆኖ አግኝተነዋል፤ መምህራንም ምዕራፉን ሲያስቀሩ ከሚንሃጅ ጎን ቢያስተምሩት ደረሳው ለሚጠብቀው ሽምግልና የተዘጋጀ ይሆናል።

የአርሽ ስሌት ግን በሁሉም ዘንድ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ቅናሹ የጥገናው ወጪ አይደለም፤ ከተስማሙበት ዋጋ ላይ የሚነሣ ድርሻ ነው። ቤቱ ጤነኛ ቢሆን 4,000,000 ብር፣ ከነእንከኑ 3,200,000 ብር እንደሚያወጣ አዋቂዎች ከገመቱ እንከኑ የቀነሰው አንድ አምስተኛ ነው። የተሸጠው በ3,500,000 ብር ከሆነ ሻጩ የሚመልሰው የዚህን አንድ አምስተኛ፣ 700,000 ብር ነው። ሽያጩ ቢፈርስ ደግሞ ገዢው እስከዚያ ድረስ ከክፍሎቹ የሰበሰበው ኪራይ የእርሱ ነው፤ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ጥቅም ኃላፊነትን የሚከተል መሆኑ ተደንግጓልና።

ማስረጃውና ዝም ያለው ሦስተኛ ሰው

እንከኑ ከሽያጩ በፊት ነበር ወይስ በኋላ መጣ በሚለው ላይ ከተካረሩና ሁለቱም የሚቻል ከሆነ ሚንሃጅ ሻጩን ከመሐላ ጋር ያምናል። ይህ ለሻጭ የተሰጠ ጥበቃ ነው፤ ፍትሕም ነው። ነገር ግን ሁኔታው ራሱ ከመሰከረ መሐላ አያስፈልግም፤ ሻርሖቹ ትናንት በተሸጠ አገልጋይ ላይ የተገኘን የዳነ ቁስል ጠባሳ በምሳሌነት ያነሣሉ። በተሸጠ በወሩ ፈጽሞ ባዶ ሆኖ የተገኘ ቋሚም እንዲሁ ነው፤ ምስጥ ይህን ሥራ በአንድ ወር አይጨርሰውም። በስንጥቁ ውስጥ አሮጌ ቀለም ተደራርቦ ከተገኘም ስንጥቁ ዕድሜውን ራሱ ተናግሯል።

ሌላው የተዘነጋ ጉዳይ እንከኑን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ነው። ኢማም አሕመድና አል-ሓኪም እንደዘገቡት ሰሐቢዩ ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ተከትለውት ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የገዛት ብለው ጠየቁት፤ ለሐጅ ጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው በሰኮናዋ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ገለጹለት። ሻጩ ሽያጬን አበላሸህብኝ ብሎ ሲቆጣ፣ ሻጭ ሳይገልጽ መሸጥ፣ የሚያውቅም ሰው ሳይናገር መቅረት የማይፈቀድ መሆኑን ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሩት። ዋሲላ መጀመሪያ የጠየቁት የገዢውን ዓላማ መሆኑን ልብ እንበል፤ ለሥጋ ቢሆን የሰኮናዋ ቀዳዳ ምን ይጎዳዋል?

ይህ ሐዲስ ደላላውን ይመለከታል። ቤቱን ለሦስት ገዢ አሳይቶ ሁለቱ ለምን እንደሸሹ የሚያውቅ ደላላ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ከዚህ ግዴታ ጋር ነው። ጎረቤትንም ይመለከታል፤ «በሰው ገበያ አልገባም» የሚለው ጨዋነት እዚህ ላይ ጨዋነት አይደለም። ለውሉ ምስክር ሆኖ የተቀመጠን ኢማምም ይመለከታል።

ከአል-ዐዳእ ሰነድ ወደ እኛ ውል

ቲርሚዚና ኢብኑ ማጀህ የዘገቡት፣ ቡኻሪም ያለ ሙሉ ሰነድ የጠቀሱት አንድ ጽሑፍ አለ፤ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና በአል-ዐዳእ ኢብኑ ኻሊድ (ረ.ዐ) መካከል የተጻፈ የሽያጭ ሰነድ። ሻጩና ገዢው ማን እንደነበረ ዘገባዎቹ ቢለያዩም በይዘቱ ይስማማሉ፤ የተሸጠው አገልጋይ ከሕመም፣ ከክፉ መነሻና ከተንኮል የጸዳ መሆኑ ተጽፏል፤ የሙስሊም ለሙስሊም ሽያጭ መሆኑም ተገልጿል።

ይህን ሰነድ ከእኛ ውል ጎን ስናስቀምጠው ልዩነቱ ይጎላል። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰነድ የጻፈው ዕቃው ከምን ነጻ እንደሆነ ነው፤ የእኛ ውል የሚጽፈው ሻጩ ከምን ነጻ እንደሆነ ነው። በመጀመሪያው ቃሉን የሚሰጠው ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ነው፤ በሁለተኛው ስለ ዕቃው የሚመሰክረው ለአንድ ሰዓት ተመላልሶ ያየው ገዢ ነው። ከላይ የዘረዘርነው ግፍ ሁሉ ከዚህ ግልበጣ የሚመነጭ ነው።

እንዲህ ያለው ክርክር በአገራችን ለሸሪዐ ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ለእነዚህ ፍርድ ቤቶች የሰጠው ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት የተወሰነ ነው። የኢማሙ ቦታ እንግዲህ የዳኛ አይደለም፤ ሰዎች ከመፈረማቸው በፊት የሚያማክሩት ሰው ቦታ ነው፤ ይህ ደግሞ ከጥል በኋላ ከሚደረግ ሽምግልና የሚበልጥ ዕድል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 እና 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ስለሚያዝ ብዕሩ ከወረቀቱ ላይ መዋሉ አይቀርም፤ ጥያቄው ምን ይጻፍ የሚለው ነው።

ስለዚህ ለሚያማክራቸው ሻጭና ገዢ ኢማሞች በውሉ ወይም ከውሉ ጋር በሚያያዝ ወረቀት ላይ ቢያንስ የሚከተለው እንዲሰፍር ቢመክሩ እንላለን፦ ገዢው ቤቱን ለምን እንደገዛው፤ ሻጩ ስለ መሠረቱ፣ ስለ ቋሚዎቹና ስለ ምስጥ፣ ስለ ጣሪያው የክረምት ሁኔታ የሚያውቀው፤ በግቢው ውስጥ የተደፈነም ሆነ ያለ ጉድጓድና የፍሳሽ መስመር የት እንደሆነ፤ በቅርብ የተደረገ ጥገናና ምክንያቱ፤ በሰነዱ ላይ ያለ እግድ፣ ዕዳ፣ የወራሽ ክርክር ወይም ከአስተዳደሩ የደረሰ ማስታወቂያ፤ በመጨረሻም ከዚህ ሌላ የሚያውቀው እንከን እንደሌለ የሻጩ ቃል። ይህ ቃል ሐቀኛውን ሻጭ አይጎዳውም፤ እንዲያውም የሚያውቀውን አሳይቶና ጽፎ ስላስረከበ ከዓመታት በኋላ ከሚመጣ ክስ ይጠብቀዋል። የሚከብደው ለሚደብቅ ሰው ብቻ ነው።

የበረካ ጉዳይ በመጨረሻ ወደ ልብ ይመለሳል። ሻጩ ስንጥቁን አሳይቶ ዋጋ ቢቀንስ የሚያጣው ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ሸፍኖ ቢሸጥ የሚያጣው በሐኪም ሐዲስ የተነገረው ነው። ገዢውም ያገኘውን እንከን ሁሉ አጋንኖ የተስማማበትን ዋጋ መሸርሸሪያ እንዳያደርገው ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ አደራው በሁለቱም ላይ ነውና። ለመምህራን ያለን ማሳሰቢያም አጭር ነው፤ ይህን ምዕራፍ ስታስቀሩ ደረሳውን አንድ ቀን ወደ አሮጌ ቤት ውሰዱት፤ ግድግዳውን ይንካው፣ ቋሚውን ያንኳኳው፣ ከዚያም የትኛው እንከን፣ የትኛው የዕድሜ ምልክት እንደሆነ ከነምክንያቱ ያስረዳ።

አላህ በሽያጫችን እውነትን፣ በሽምግልናችንም ፍትሕን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።